አባቴ ያላለው ቃል

ብቻዬን ውጭ አገር ሄጄ መምጣቴ አሳድጎኝ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ፣ ሁለት መልስ አብሮ ይመጣብኛል። አንደኛው የራሴ ነው፤ «እንዴታ!» ይላል። ሁለተኛው የአባቴ ነው። ልሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ የተፈታ ሚዛን ከፊቱ ዘርግቶ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «ብቻውን የሄደ ሰው ይረዝማል እንጂ አያድግም» አለኝ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምላሴ ደግሞ ከዕድሜዬ ቀድሞ የጎለመሰ ነው። «እንግዲያው ስመለስ ታየኛለህ። ማደጌን በገዛ አፍህ ሳትናገር ብትቀር ምን አለች በለኝ» ብዬው ወጣሁ።

አባቴ አላየኝም። እኔ እዚያው ሳለሁ ሞተ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። ያኔ ነገሩ የተደበቀው ለእኔ ብቻ ነበር፤ ለሰፈሩ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ጉዳይ ነው። አንባቢም ከሰፈሩ ጋር ቆሞ ቢያየኝ ይሻላል፤ የሞኝነቴ ልክ የሚታየው እንደዚያ ነው።

አባቴ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። በወጣትነቱ ከጎጃም ለቡና ለቀማ መጥቶ ጅማ የቀረ ሰው ነው። ቤታችን ሰቶ ሰመሮ የሚባለው ሰፈር ነበር። እናቴ ገና ጡት ሳልተው ስለሞተች ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን አባቴን ቤት የሚያገኘው አልነበረም። አጋሮ፣ ሰቃ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት፣ ቡና የሚመዘንበት ቦታ ሁሉ ይጠሩታል። ቅዳሜና እሁድ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። በጭነት መኪና ላይ፣ በባዶ ጆንያ ክምር መሀል ተቀምጠን እንጓዛለን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናው በየደጁ ተሰጥቶ ይታያል፤ ቀይ የነበረው ጠቁሮ፣ ዶሮዎች እየተራመዱበት፣ አሮጊቶች በዘንግ እያባረሯቸው። አጋሮ ስንደርስ ትኩስ ፓስቲ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይገዛልኛል። ዘይቱ ወረቀቱን አልፎ ቀሚሴን ያርሰው ነበር፤ አክስቴም ማታ ለዚያ ትቆጣለች። እስከዛሬ ፓስቲ ስበላ ያ መንገድ ይናፍቀኛል፤ አሁን ያለው ፓስቲ ግን እንደዚያ አይጣፍጥም፣ ማንም ምንም ቢለኝ።

ሚዛን የሚፈትንበት መንገድ ነበረው። ቡናውን በግራ ሳህን፣ የሚዛኑን ድንጋይ በቀኝ አድርጎ እኩል ካመጣ በኋላ ቦታቸውን ያለዋውጣል። ተለዋውጠውም እኩል ከቆሙ ሚዛኑ እውነተኛ ነው። ካልቆሙ፣ ነጋዴውን ዝም ብሎ ያየዋል። አይሳደብም፣ አይጮህም፤ ብቻ ያየዋል። ነጋዴው «እኔ ምን አውቄ ጋሼ፣ ዝገት ይሆናል» ማለት ሲጀምር፣ ከሳህኑ ሥር የተለጠፈውን ሰም በጥፍሩ ፍቆ መሬት ላይ ይጥለዋል። እኔንም እንደዚያው ነበር የሚያየኝ። በሕይወቴ አንድም ቀን «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። በአሥር ዓመቴ የተጣመመ ሚዛን ብቻዬን ሳቃና አይቶ «ብሎኗን አጥብቂያት» ነው ያለኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሚዛን የሚቆጣጠር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። አብዮቱ ሴቶችን ወደፊት ይላል፤ እኔም በሙያው ከወንዶቹ አላንስም፤ ስለዚህ ለሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን የሚሄድ አንድ ሰው ከጅማ ሲጠየቅ እኔ ተመረጥኩ። አሥር ወር ነው። በቀበሌው ስብሰባ «ጓዲት» ተብዬ ተጨበጨበልኝ። አባቴ ብቻ አላጨበጨበም።

«ሚዛን ለማቃናት ጀርመን?» አለ ቤት ስንገባ። «የኛ ምድር ዘማለች እንዴ?»

«የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ» አለች አክስቴ፤ እሷም ከሱ ጋር ነበረች።

ያን ጊዜ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው እንደሚመለስ ዋስ ይጠየቃል። ለእኔ የፈረሙልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ናቸው። የጅማ ተወላጅ፣ እስላም፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ማንበብና መጻፍ ስለማይችል ደብዳቤም ሆነ ማመልከቻ የሚጽፉለት እሳቸው ናቸው። የሄድኩ ዕለት አባቴ ገና ሳይነጋ «የሰቃ ሚዛን ተበላሽቷል» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። የሰቃ ሚዛን አንድ ቀን ባይታይ ቡናው አይሻግትም ነበር። አውቶቡስ ተራ የሸኙኝ ጋሼ ናቸው። ራሳቸው የሰፉትን ወፍራም ካፖርት ሰጡኝና «አባትሽ ነው ያሰፋው» አሉኝ። አላመንኳቸውም። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በንዴት አለቀስኩ።

ስለ ጀርመን ብዙ አልናገርም፤ ሌሎች ብዙ ተናግረዋል። ሥልጠናው በእርግጥ ጥሩ ነበር። በመስተዋት ሣጥን የተዘጋ፣ የሰው ትንፋሽ የሚያነቃንቀው ሚዛን ያየሁት እዚያ ነው፤ አባቴ ቢያየው ምን ይል ነበር እያልኩ ነበር የምማረው። ብቸኝነቱን ግን ማንም አላስጠነቀቀኝም። አንዴ በብርድ ተመትቼ አንድ ሳምንት ተኛሁ። ጅማ ቢሆን፣ ሳስነጥስ የሰማ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይገባል፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ መተንፈሻ አጣለሁ። እዚያ አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። በስምንተኛው ቀን ተነሥቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ ድንች ቀቅዬ በላሁ። ድንቹን እየበላሁ እንደ ጉድ ኮራሁ። ብቻዬን ታመምኩ፣ ብቻዬን ዳንኩ። ከዚያ በኋላ ብቻዬን ባቡር ተሳፍሬ ሌላ ከተማ ሄጄ መጣሁ። ጠፍቼ፣ በተሰባበረ ጀርመንኛ ጠይቄ፣ መንገዴን አገኘሁ። ይህን ሁሉ ለአባቴ ጻፍኩለት፤ በየደብዳቤው መጨረሻም «ይረዝማል እንጂ አያድግም ብለኸኝ ነበር» እላለሁ። ትችት አይደለም፤ ልመና ነበር።

የሱ መልስ ግን የሱው መልስ ነበር። የጋሼ የተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ የአባቴ ደረቅ አፍ፤ «ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ካፖርቱን ልበሺ። የሰቃ ትልቁ ሚዛን ተሰብሮ ነበር፣ ሠራሁት። አባትሽ።» ሁለት እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። በመጨረሻው ላይ፣ «መልስ ካልላክህልኝ ሥልጠናውን ትቼ እመጣለሁ» አልኩ። የምሬን ነበር። ሻንጣዬን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄዋለሁ።

ያኔ ነው ሦስተኛው ደብዳቤ የመጣው። በቃሌ ነው የማውቀው። «ልጄ ሆይ፣ የጻፍሽውን ሁሉ አነበቡልኝ። ብቻሽን ታመሽ መዳንሽን፣ ብቻሽን ባቡር መሳፈርሽን ሰማሁ። ብቻውን የሄደ ሰው አያድግም ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። አድገሻል። ሥራሽን ጨርሰሽ ነይ።»

የማደሪያችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ነበር ያነበብኩት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ቃል በወረቀት ላይ ተጽፎ እጄ ላይ ነበር። ሻንጣዬን ወደ ቦታው መለስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ አካሄዴ ራሱ ተለወጠ። በትምህርቱ አንደኛ ሆንኩ፤ ሰው ፊት ስናገር ድምፄ መንቀጥቀጡን ተወ። ውጭ አገር አሳደገኝ ካልኩ፣ ያሳደገኝ ያ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤውን እያጣጠፍኩ እየዘረጋሁ ወረቀቱ በመታጠፊያው ሊበጠስ ደረሰ።

አባቴ ያን ጊዜ ከተቀበረ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

በኅዳር ተመለስኩ። አውቶቡሱ ጅማ ሲገባ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች፤ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ ያ የሚያጥወለውል የእርጥብ ጀንፈል፣ ከነገለባው የተሰጣ ቡና ሽታ በመስኮት ገባ፤ እኔም በሕዝብ መሀል ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሰፈሩ በሙሉ ቤታችን ነበር። አክስቴ ቢጫ ሻሽ አስራ፣ ባለ አበባ ቀሚስ ለብሳለች። ዕድሜዋን በሙሉ ከነጭ ነጠላ ሌላ ያላየሁባት ሴት! «አንቺም ሠለጠንሽ?» ብዬ አቀፍኳት። ሻሿን ልነካ ስል እጄን ያዘችኝ። ፀጉሯን ለሐዘን ተላጭታ እንደነበር፣ ጥቁር ልብሷንም ለዚያች አንድ ከሰዓት ብላ አጥፋ ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

«አባዬስ?»

«ሊሙ ገነት ሄዷል» አለች ቶሎ ብላ። «ወቅቱ አይደል? ጠርተውት ነው።»

ከዚህ የበለጠ የሚታመን ነገር የለም። ስሄድ ሰቃ ነበር፣ ስመጣ ሊሙ። «ያው ነው እሱ» ብዬ ትንሽ አኮረፍኩና ወሬዬን ቀጠልኩ። ምግብ ቀረበ፤ እየደጋገሙ ያጎርሱኛል። ከኛ በታች የምትኖረው ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ፣ ልጇ በቅርቡ ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሊሄድ ተራውን የሚጠብቅ፣ አጠገቤ ተቀምጣ «ብዪ ልጄ፣ ብዪ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል» ትለኛለች። የመንገዱን ድካም ያለችኝ መሰለኝ። እኔ እንደሆን አፌ አይዘጋ። ብቻዬን እንዲህ አደረግሁ፣ ብቻዬን እዚህ ደረስኩ፣ ብቻዬን፣ ብቻዬን። ያን ቃል በዚያ ቀን ስንቴ እንዳልኩት አሁን ሳስበው ፊቴን በመዳፌ እሸፍናለሁ።

ከዚያም ደብዳቤውን አወጣሁ።

«አባዬ ምን እንዳለኝ ስሙት» ብዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። «አድገሻል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ቀና ስል ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። አክስቴ ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች። እትዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። እኔ የደስታ ልቅሶ መሰለኝ። «አይዟችሁ፣ መጥቻለሁ እኮ!» አልኳቸው። አጽናናኋቸው! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሁለቱም በዚያ ቀን አንድ ላይ ቆመው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። የሊሙ መኪና ሌሊት የሚገባበት ጊዜ አለ፤ አባቴ የመጣ መስሎኝ እየሳቅሁ ሮጬ ከፈትኩ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ባዶ ራሳቸውን የቆሙ ወንዶች ደጁን ሞልተውታል። አክስቴ ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ቆማለች። ማንም ቃል መናገር አላስፈለገውም። መርዶ እንዲህ ነው በኛ ዘንድ፤ የሞተበት ሰው ከነገሩ በፊት ሰውን ነው የሚያየው። እትዬ ልወድቅ ስል ያዘችኝ፤ ጉልበት ያስፈልግሻል ያለችኝ ለዚህ ነበር።

ቁጣዬ የመጣው ልቅሶው ካለቀ በኋላ ነው። አባቴ በሳምባ በሽታ በግንቦት ሞቷል፤ እኔ ደብዳቤውን ያገኘሁት በሐምሌ ነው። ይህንን ለመደመር ጥቂት ቀን ወሰደብኝ፤ ልቤ መደመሩን አልፈለገም። አንድ ቀን ወደ ጋሼ ሱቅ ሄድኩ። የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተቀመጪ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሃይማኖት ያለዎት ሰው ነዎት። እንዴት የሞተ ሰው ቃል ይፈጥራሉ?»

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወላሂ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጫለሁ። ትምህርቴን ትቼ እመጣለሁ ብለሽ ጻፍሽ። ሰፈሩ ተሰብስቦ መከረ። ባዕድ አገር፣ ብቻዋን፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት ከምትሰማው ዝም እንበል፣ ስትመጣ ተሰብስበን እንነግራታለን አልን። አክስትሽ እንኳ እሺ አለች። አባትሽ ደህና ነው፣ ሥራሽን ጨርሺ ብዬ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።»

«አድገሻል የሚለውስ?»

«እሱ የኔ ነው። በየደብዳቤሽ ትለምኚው ነበር፣ የማነበው እኔ ነኝ። አንጀቴ አልቻለም።»

«አባቴ ስለኔ ምን አለ?»

ጨርቁን ከስፌት መኪናው ሥር አውጥተው አጠፉት። «አንዴ ዋሽቼሻለሁ፣ ሁለተኛ አልዋሽሽም። ስለማደግሽ ምንም አላለም። በየቀኑ፣ ፖስታ ቤት ሂድና ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ ይለኝ ነበር። ተኝቶም፣ መነሣት አቅቶትም። ማሎ፣ እባክሽ፣ ይብቃሽ፣ አትጠይቂኝ።»

ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነሣኋቸው። ዓመት አለፈ፤ ሱቃቸው ፊት ለፊት እያለፍኩ አንገቴን አዞራለሁ። ለኔ የፈረሙትን ዋስትና፣ ካፖርቱን፣ ሁሉን ረሳሁት። እውነቱን ለመናገር፣ የተቀየምኩት በውሸታቸው ብቻ አልነበረም። የቆምኩበትን ወለል ነበር ያነሡብኝ። ቃሉ የአባቴ ካልሆነ፣ በዚያ ቃል ያደግሁት እኔ ምንድን ነኝ? ጀርመን ብቻዬን ነበርኩ እያልኩ ስፎክር፣ እዚህ አርባ ሃምሳ ሰው ሐዘኔን ለስድስት ወር ይዞልኝ፣ ፖስታ ቤት ሲመላለስልኝ ኖሯል። ስኳር ለመግዛት ቀበሌ ሲሰለፉ ስለ እኔ ይመካከሩ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ አፉን አላዳለጠውም። ብቻዬን የሆንኩበት ቀን አልነበረም ለካ። ይህ ያጽናናኛል፤ ያኔ ግን ያበሳጨኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ እትዬ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ በድንገት ሞተች። ልጇ ሶቪየት ኅብረት ከገባ አንድ ዓመት አልሞላውም። ከተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ጋሼ ቤታችን መጡ። ዓይናቸው ደክሞ በዘንግ ነበር የሚሄዱት። ልጁ ለእናቱ የላከውን ደብዳቤና ባዶ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሰፈሩ አንቺ ጻፊ ብሏል» አሉኝ።

«እኔ? ከሰው ሁሉ እኔ?»

«ዓይኔ አያይም። ቢያይም ደግሞ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ሰው ብቻውን ሆኖ ከቤት የመጣ ደብዳቤ እንዴት እንደሚያነብ ከኛ መሀል የሚያውቅ ሌላ የለም። እኛ አናውቅም። ሄደን አናውቅማ።»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት። ማጠቢያ ክፍሉ ወለል ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየኋት። ጀርመን ሄጄ ያመጣሁት፣ በዚህ ሰፈር ማንም የሌለው እውቀት፣ ይህ ነበር።

የልጁን ደብዳቤ አነበብኩ። ፈተናውን አልፏል፤ በረዶውን ለምዷል፤ በመጨረሻም «እማዬ፣ አሁን ብታዪኝ ኮርተሽ አትጨርሺም ነበር» ይላል። ብዕር አነሣሁ። «ለጤናህ እንዴት ነህ? እዚህ እናትህም ሰፈሩም ሁሉ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን አስቀምጬ እንደገና አነሣሁ፣ ጋሼ እንዳሉኝ። ስለ ዝናቡ ጻፍኩ። አጥራቸው ስለ መታደሱ ጻፍኩ፣ እውነት ነው፣ ለቀብሩ ሰው ሲመጣ ነው የታደሰው። ስትመጣ እንዳትቸኩል፣ ቀኑን አሳውቀን፣ አውቶቡስ ተራ ሁላችንም እንጠብቅሃለን ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ኮርቼብሃለሁ የሚል ጨምሪበት እንጂ» አሉ ጋሼ። «ልጁ እኮ ይለምናል።»

«አልጨምርም።»

«አንቺስ በሱ አይደል ትምህርትሽን የጨረስሽው?»

«አዎ ጋሼ፣ በእርስዎ ቃል ኖሬያለሁ። በሕይወቴ እንደሱ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ግን እዚህ መጥቼ የእርስዎ መሆኑን ስሰማ፣ አባቴ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። መሞቷን እንደብቀው፣ እሺ፤ ስትሞት ያላለችውን ግን አፏ ውስጥ አንጨምርባት። ይህ ልጅ እናቱን አንድ ጊዜ ብቻ ይቅበር።»

ጋሼ ዘንጋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደገፉ። እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ፤ አልጠረጉትም። ተነሥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩና እጃቸውን ሳምኩ፤ ከዓመት ከስድስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ፖስታውን አሸግኩት፣ አድራሻውን በላዩ ጻፍኩ፣ ክንዳቸውን ይዤ አብረን ወደ ፖስታ ቤት ሄድን።